የፒክ አፕ መኪና የአራት እግር መለወጫ እምቢ ሲል ምክንያቱን መርምሮ ስለ ማግኘት

ክረምት ሲገባ የእርሻ ሥራ ሁሉ በመንገድ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን ወደ ገበሬው የሚደርሰው፤ ለከብት የሚሰጠው ክትባት በማቀዝቀዣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ከመንደር የሚገባው፤ የሰብል ባለሙያም ተባይ ወርዶበታል ወደ ተባለው ማሳ ፈጥኖ የሚሄደው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፒክ አፕ መኪና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ግን የዋልካው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይላላል፤ ጎማውንም ይዞ አይለቅም። ይህን የመሰለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ስለ ሆነ፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና፤ ማለት የፊቱም የኋላውም እግር በሞተር ኃይል የሚሄድለት መኪና፤ ለገጠር ሥራ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

ቀድሞ የፊቱን እግር ከሞተሩ ኃይል ጋራ የሚያገናኘው ከሾፌሩ አጠገብ በወለሉ ላይ የቆመ ዘንግ ነበረ። ሾፌሩ ዘንጉን ሲገፋው ብረት ከብረት መግጠሙ በእጁ ይሰማው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ፋብሪካዎች ዘንጉን ትተው በአዝራር ወይም በሚዞር ማብሪያ ተክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በታይላንድ የወጣው የመጀመሪያው የኢሱዙ ዲ ማክስ ትውልድ፤ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ከተሠሩት ብዙዎቹ፤ በአዝራር የሚለወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የወጣው ቶዮታ ሃይሉክስም በአብዛኛው በሚዞር ማብሪያ የሚለወጥ ነው። አዝራሩን መጫን ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ የሚሄደው በሽቦና በቱቦ ስለ ሆነ፤ መኪናው ሲያረጅ መለወጫው እምቢ የሚልበት ምክንያት ይበዛል።

መለወጫው እምቢ ያለ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚደረገው፤ ወዲያው የጥርሱን ሣጥን ማስፈታት ወይም አዲስ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ይገዛ ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ከመጨረሻው መጀመር ነው። በአሮጌ መኪና ላይ የብረቱ ጥርስ ከመሰበሩ በፊት የሚበላሹት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ እነርሱም የደከመ ባትሪ፤ የተቃጠለ ቫልቮላ፤ የዛገ የሽቦ ማያያዣ፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፤ እኩል ያልሆነ ጎማ፤ ለብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ የደረቀ ትንሽ ሞተር ናቸው። ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ፤ ከውጭውም ወደ ውስጡ መሄድ አለበት። ተራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ስለ መለወጫው አሠራር

ከካምቢዮው በስተኋላ ትራንስፈር የሚባል ሌላ የጥርስ ሣጥን አለ። ከሞተሩ የመጣውን ኃይል ለኋላው እግር ብቻ፤ ወይም ለፊቱም ለኋላውም የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። ዋናዎቹ ስፍራዎች ሦስት ናቸው። መጀመሪያው 2ኤች ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ኃይል የሚደርሰው ለኋላው እግር ብቻ ነው። ሁለተኛው 4ኤች ነው፤ አራቱም እግሮች በቀላል ማርሽ ይሄዳሉ። ሦስተኛው 4ኤል ነው፤ አራቱም እግሮች በከባድ ማርሽ፤ በዝግታና በብዙ ኃይል ይሄዳሉ። በ4ኤችና በ4ኤል መካከል ደግሞ ኃይሉ ወደ የትኛውም እግር የማይደርስበት ባዶ ስፍራ አለ፤ አደጋውም ከዚህ በታች ይገለጣል።

ሾፌሩ አዝራሩን ሲጫን ትእዛዙ ወደ መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ይሄዳል። ይህ ሣጥን የመኪናውን ፍጥነትና ሌላውንም ሁኔታ ተመልክቶ ለውጡ የሚፈቀድ የሆነ እንደ ሆነ፤ በትራንስፈሩ ጎን ለታሰረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ይልካል። ይህ ለዋጭ ሞተር ዞሮ በውስጥ ያለውን ሹካ ይገፋል፤ ሹካውም ጥርሱን ያገጣጥማል። ሹካው ከየትኛው ስፍራ እንደ ደረሰ የሚያመለክቱ ትንንሽ ማብሪያዎች ደግሞ ለሣጥኑ መልስ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው መገናኛ በፊተኛው ዲፈረንሻል ላይ ይገኛል። መኪናው በ2ኤች ሲሄድ የፊቱ ጥርስ በከንቱ እንዳይሽከረከር፤ አንደኛውን የፊት እግር ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ይለየዋል፤ በ4ኤች ጊዜ ደግሞ መልሶ ያገናኘዋል። በመጀመሪያው የዲ ማክስ ትውልድ ይህን መገናኛ የሚያንቀሳቅሰው ቫኪዩም፤ ማለት የአየር ስበት ነው። ከቶዮታ ሃይሉክስ ዓይነቶች በአንዳንዶቹ ግን ሌላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራበታል። ሁለቱም መገናኛዎች ሥራቸውን ሲፈጽሙ በሾፌሩ ፊት ያለው መብራት ሳያቋርጥ ይበራል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል እንደ ሆነ፤ የታዘዘውና የተፈጸመው ገና አልተስማሙም ማለት ነው።

2ኛ፤ ብልሽት መስሎ ስለሚታይ ብልሽት ግን ስላልሆነ ነገር

መለወጫው ለውጡን የሚከለክልበት ጊዜ አለ፤ ይህም የተሠራበት ደንብ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ከ2ኤች ወደ 4ኤች መኪናው እየሄደ መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን ፍጥነቱ የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ከወሰነው መብለጥ የለበትም፤ መሪው ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ የኋላ እግሮቹም በጭቃ ውስጥ በከንቱ የሚሽከረከሩ መሆን የለባቸውም። የኋላው እግር እየተሽከረከረ አዝራሩ የተጫነ እንደ ሆነ፤ የቆመው የፊት ዘንግና የሚሮጠው የኋላ ዘንግ ሊገጣጠሙ ስለማይችሉ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል እንጂ አይገባም። ስለዚህ ሾፌሩ ለውጡን ማድረግ ያለበት ከጭቃው ከገባ በኋላ ሳይሆን ወደ ጭቃው ሳይደርስ ነው።

ወደ 4ኤል ለመግባትም ሆነ ከ4ኤል ለመውጣት ግን መኪናው ፈጽሞ መቆም፤ ካምቢዮው ባዶ መሆን፤ ፍሪሲዮኑም እስከ መጨረሻው መረገጥ አለበት። ሣጥኑ መኪናው መቆሙን የሚያውቀው ከፍጥነቱ ማመልከቻ ሲሆን፤ ፍሪሲዮኑ መረገጡን የሚያውቀው ደግሞ ከፔዳሉ ሥር ካለው ትንሽ ማብሪያ ነው። እንግዲህ በ4ኤች በደንብ የሚሄድ መኪና 4ኤልን ብቻ እምቢ ያለ እንደ ሆነ፤ ትራንስፈሩን ከመጠርጠር አስቀድሞ የፍጥነት መቁጠሪያው መሥራቱንና የፔዳሉ ማብሪያ አለመላቀቁን ማየት ይገባል።

አንዳንድ ጊዜም ጥርስ ከጥርስ ጋራ ራስ ለራስ ገጥሞ ለጥቂት ሴኮንድ ሳይገባ ይቀራል። በዚህን ጊዜ አዝራሩን ደጋግሞ መምታት ጥቅም የለውም። ወደ ነበረበት ስፍራ መልሶ፤ መኪናውን አንድ ወይም ሁለት ሜትር አንቀሳቅሶ፤ እንደገና አቁሞ መሞከር ነው። በዚህ የተስተካከለ መኪና ወደ ጋራዥ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

3ኛ፤ ከምርመራው በፊት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ለዋጭ ሞተሩ በ4ኤችና በ4ኤል መካከል ደክሞ የቆመ እንደ ሆነ ትራንስፈሩ በባዶው ስፍራ ይቀራል። በዚህን ጊዜ ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ቢገባም ከእግሮቹ ጋራ አልተገናኘምና መኪናውን አይዘውም። በራሱ ማርሽ የሚለውጥ መኪና ቢሆንም፤ የመቆሚያው ፒ ከንቱ ይሆናል። ማርሽ አስገብቻለሁ ብሎ ቁልቁለት ላይ ትቶት የወረደ ሾፌር መኪናው ሲንከባለል ያየዋል፤ ከመኪናው ሥር የተኛ መካኒክ ካለም ሕይወቱን ያጣል።

ስለዚህ የአራት እግሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል መኪና ሁሉ በባዶው ስፍራ እንዳለ ሊቆጠር ይገባል። ከሜዳ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደረግ። እግሩ የሚነሣ እንደ ሆነም በክሪክ ብቻ ተደግፎ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ጽኑ መደገፊያ ይደረግለት።

እንደዚሁም የለዋጭ ሞተሩን ሽቦ ፈትቶ ከባትሪ ጋራ በቀጥታ ማገናኘት የተለመደ መላ ሆኖ ይታያል። ይህ አይገባም። መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ሞተሩን በልኩ ያቆመዋል፤ በቀጥታ የተሰጠ ኃይል ግን ልክ የለውምና ከስፍራው አሳልፎ ይሰብረዋል፤ ወይም በባዶው ስፍራ ይተወዋል።

4ኛ፤ ስለ ምርመራው ተራ

ሀ) ባትሪ። ለዋጭ ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሞተሩን ለማስነሣት የሚበቃ ባትሪ ሁሉ ለመለወጫው በቂ ነው ማለት አይደለም። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ፤ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ቮልት ከሆነ ግማሹ ያህል አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ልኩ ወደ 14 ቮልት ይደርሳል፤ ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው ወይም ቀበቶው ይታይ። ባትሪው ደካማ ሆኖ ሳለ የሚደረገው ሌላ ምርመራ ሁሉ አሳሳች ነው።

ለ) ቫልቮላና አዝራር። የኮንታክት ቁልፉ ሲከፈት የአራት እግሩ መብራት ለአፍታ በርቶ የሚጠፋ እንደ ሆነ መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ኃይል አግኝቷል። መብራቱ ምንም ሳይታይ፤ አዝራሩም ሲጫን አንዳች ድምፅ ሳይሰማ የቀረ እንደ ሆነ፤ ቫልቮላው ይመርመር። በዓይን ብቻ ደኅና የሚመስል ቫልቮላ ተቆርጦ ሊገኝ ስለሚችል በቴስተር ይለካ። የተቃጠለው ቫልቮላ በዚያው ልክ በሌላ ይተካ እንጂ፤ ከፍ ባለ ልክ ወይም በተጠቀለለ ሽቦ አይተካ፤ ሽቦው በሙሉ ይነዳልና። አዲሱም ወዲያው የተቃጠለ እንደ ሆነ፤ ሽቦው ከሻንሲው ጋራ ተፋትጎ የተላጠበት ስፍራ አለ ማለት ነው። አዝራሩን በተመለከተ አቧራ ገብቶበት አንዳንዴ የሚሠራና አንዳንዴ የማይሠራ ሊሆን ይችላል፤ መካኒኩም ሲጫን ኤሌክትሪክ ማሳለፉን በቴስተር ያረጋግጣል።

ሐ) ማያያዣና የኔጋቲቭ ሽቦ። ለዋጭ ሞተሩ ከመኪናው ሥር፤ ጭቃና ውሃ በሚረጭበት ስፍራ ስለ ተቀመጠ፤ የሽቦው ማያያዣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳ ነው። ተነቅሎ ይታይ፤ አረንጓዴ ዝገት ወይም ውሃ የተገኘ እንደ ሆነ በማያያዣ ማጽጃ ይጽዳ፤ ይድረቅ፤ ማተሚያ ጎማው ይታደስ። ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦም ብሎኑ የላላ ወይም የዛገ እንደ ሆነ፤ በባትሪው ላይ 12 ቮልት ቢኖርም ለዋጭ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ያንሳል። ይህን ለማወቅ፤ አንድ ሰው አዝራሩን ሲጫን በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ የኔጋቲቭ ሽቦ መካከል ይለካል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ የታየ እንደ ሆነ ጉድለቱ በዚህ መንገድ ላይ ነው። መለወጫው በበጋ ሠርቶ በዝናብ ጊዜ የሚያቆም፤ ወይም መንገዱ ሲያንገጫግጭ የሚጠፋ የሆነ እንደ ሆነ፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክፍል አይወጣም።

መ) የለዋጭ ሞተሩ ድምፅ። ጸጥ ባለ ስፍራ፤ መኪናው ከላይ እንደ ተባለው ተጠብቆ፤ የኮንታክት ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ሰው አዝራሩን ይጫን፤ ሌላውም ከጎን ሆኖ ያድምጥ። ጥቂት የዙረት ድምፅ ከተሰማ ሞተሩ ሕያው ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰምቶ ዙረት ከሌለ፤ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ መድረሱ በቴስተር ይታይ። ኤሌክትሪክ ደርሶት የማይዞር እንደ ሆነ፤ በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጎ ጎኑን መታ መታ እያደረጉ እንደገና መሞከር ነው። በዚህ ጊዜ የዞረ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ከሰል ወይም ጥርስ ደርቋል፤ ለጊዜው ቢሠራም የሚታመን አይደለም፤ ተፈትቶ ይጠገን ወይም ይለወጥ። ሲፈታ የነበረበት አቅጣጫ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ከትራንስፈሩ ተለይቶ ሳለም አዝራሩ አይነካ፤ ሞተሩና የትራንስፈሩ ዘንግ በስፍራቸው ካልተስማሙ መልሶ ለመግጠም ያስቸግራልና።

ሠ) ሁለቱን መገናኛዎች ለይቶ ማወቅ። ሞተሩ ዞሮ መኪናው ግን በፊት እግሩ የማይሄድ የሆነ እንደ ሆነ፤ ጉድለቱ ከትራንስፈሩ ነው ወይስ ከፊተኛው ዲፈረንሻል የሚለውን ያለ ምንም ውድ መሣሪያ መለየት ይቻላል። አስቀድሞ መለወጫው ወደ 4ኤች ይደረግ፤ የመኪናው ሞተር ይጥፋ፤ ካምቢዮው ማርሽ ይግባ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዱ። ከዚያ በኋላ ከትራንስፈሩ ወደ ፊተኛው ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም የብረት ዘንግ በእጅ ለማዞር ይሞከር። ዘንጉ በነጻ የሚዞር እንደ ሆነ ትራንስፈሩ አልገባም፤ ጉድለቱም በለዋጭ ሞተሩ ወይም በትራንስፈሩ ዘንድ ነው። ዘንጉ ጥቂት ተንቀሳቅሶ የሚይዝ እንደ ሆነ ግን ትራንስፈሩ ሥራውን ፈጽሟል። ይህን ጊዜ ከፊቱ እግር አንዱ ብቻ ተነሥቶ በጽኑ ይደገፍ፤ የተነሣውም ጎማ በእጅ ይዙር። ጎማው እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ የፊተኛው መገናኛ አልገጠመም፤ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ሁለቱም መገናኛዎች ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱም በመብራቱ ወይም መልስ በሚሰጡት ማብሪያዎች ላይ ነው። ይህ ፈተና ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሆኖ ሳለ፤ ያልተበላሸውን ትራንስፈር ከማስፈታት ያድናል።

ረ) ቫኪዩምና ቱቦው። የፊተኛው መገናኛ በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ፤ የናፍጣ ሞተር በራሱ በቂ ስበት ስለማይፈጥር ይህን የምትሰጥ ፖምፓ ከሞተሩ ጋራ ትዞራለች። ያችው ፖምፓ ፍሬኑንም ታግዛለች። እንግዲህ መለወጫው እምቢ ባለበት መኪና ላይ የፍሬኑ ፔዳል ደግሞ የጠጠረ እንደ ሆነ፤ ፖምፓዋ ወይም ዋናው ቱቦ ተጎድቷል፤ ይህም የሰው ሕይወት ነገር ስለ ሆነ መኪናው ሳይጠገን ከመንገድ አይውጣ። ፍሬኑ ደኅና ሆኖ መገናኛው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፤ ወደ ፊተኛው ዲፈረንሻል የሚወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ይዳሰሱ። ሙቀት ያደርቃቸዋል፤ ድንጋይ ይቆርጣቸዋል፤ አይጥም ይበላቸዋል። ሞተሩ እየሠራ፤ ለውጡም እየታዘዘ፤ የቱቦው ጫፍ ሲነቀል ጣትን የሚስብ እንደ ሆነ ስበቱ ደርሷል። የማይስብ ከሆነ ቱቦውን ወይም በኤሌክትሪክ የሚከፈቱትን ሁለት ትንንሽ የአየር በሮች መመርመር ነው። ስበቱ ደርሶ መገናኛው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ፤ በውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀድዷል፤ ወይም ሹካው ዝጎ ደርቋል።

በዚህ ስፍራ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በቫኪዩም መለኪያ የሚለካ መካኒክ፤ በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ልክ ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ክብደት በሜርኩሪ 760 ሚሊ ሜትር ሲሆን፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ግን 570 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ስበት የትኛዋም ፖምፓ ልትፈጥር አትችልም። ይህ ባለመታወቁ ደኅና የሆነች ፖምፓ ደክማለች ተብላ ልትጣል ትችላለች።

ሰ) መቆጣጠሪያ ሣጥን። ከላይ የተባለው ሁሉ ተመርምሮ ደኅና የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ሣጥኑ ይጠርጠር። መጀመሪያ ምንጣፉ ሥርና ከመስተዋቱ ጠርዝ ውሃ ገብቶበት እንደ ሆነ ይታይ፤ ማያያዣውም ተነቅሎ ይጽዳ። የጉድለት ቁጥር ማንበቢያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ምልክቱን ማስነበብ ከመግዛት ይቀድማል። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሣጥን መልኩ ስለ ተመሳሰለ ብቻ አይገጠም፤ በላዩ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ትራንስፈሩን ከፍቶ ጥርሱን መመርመር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ወይም የብረት መሰበር ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፤ ወይም በዘይቱ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ የተገኘ እንደ ሆነ ነው።

5ኛ፤ ወደ 2ኤች አልመለስ ስላለ መኪና

ሌላው የሚዘወተር አቤቱታ፤ መኪናው ወደ 4ኤች ከገባ በኋላ አዝራሩ ቢጫንም አይላቀቅም የሚል ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ አይደለም። በእነዚህ መኪኖች ላይ በፊቱና በኋላው ዘንግ መካከል ልዩነትን የሚያስታርቅ ሌላ ዲፈረንሻል ስለሌለ፤ በ4ኤች ጊዜ ሁለቱ ዘንጎች እኩል ብቻ መዞር አለባቸው። በጭቃ ላይ ጥቂት ልዩነት ቢኖር ጎማው ተንሸራትቶ ያስታርቀዋል። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ግን ጎማው ስለማይንሸራተት፤ ልዩነቱ በዘንጎቹ ላይ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይጠራቀማል፤ ጥርሱንም ያፍነዋል። የለዋጭ ሞተሩ ጉልበት ይህን ሊያላቅቅ አይችልም።

ለምሳሌ ያህል፤ የአዲሱ ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲም፤ ያለቀው ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ከ15 ሳንቲም ቢሆን፤ በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ አዲሱ 454 ጊዜ ተኩል ያህል ሲዞር ያለቀው 465 ጊዜ ያህል ይዞራል። በ5 ሳንቲም ልዩነት ብቻ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 ዙር በላይ ልዩነት ይፈጠራል ማለት ነው። ሁለት ጎማ ብቻ ተገዝቶ ለኋላው ሲታሰር፤ ያለቀውም ለፊቱ ሲቀር፤ የሚሆነው ይህ ነው። ስለዚህ አራቱ ጎማዎች በልክም፤ በዓይነትም፤ በማለቅም ተቀራራቢ ይሁኑ፤ ነፋሳቸውም በመምሪያው መጽሐፍ እንደ ተወሰነው ይሞላ።

አፍኖ የያዘውን መኪና ለማላቀቅ መሪውን ቀጥ አድርጎ፤ 2ኤችን አዝዞ፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ በደረቅ አስፋልት ላይ በ4ኤች እንዳይነዳ ይታዘዝ፤ ትራንስፈርን የሚሰብረው ይህ ልማድ ነውና።

6ኛ፤ ብልሽቱ እንዳይደርስ ስለሚደረግ ጥበቃ

የኤሌክትሪክ መለወጫ ከአጠቃቀም ብዛት ይልቅ ሥራ በመፍታት ይበላሻል። በጋውን ሙሉ ያልተነካ ለዋጭ ሞተር፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሲታዘዝ ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጊዜ፤ በአፈር መንገድ ላይ፤ ወደ 4ኤች ተለውጦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ፤ ከዚያም ቆሞ ወደ 4ኤልና ወደ 2ኤች ይመላለስ። ይህም በመኪናው መዝገብ ከነቀኑ ይጻፍ።

ወንዝ የተሻገረ መኪና ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። የጋለ ዲፈረንሻል ውሃ ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የአየር መተንፈሻው ቱቦ ተነቅሎ ወይም ተሰብሮ ከሆነ አየሩን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ የተገኘ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታልና ሳይዘገይ ይለወጥ። የትራንስፈሩም ዘይት በመምሪያው መጽሐፍ የታዘዘው ዓይነት ይሁን እንጂ የተገኘው ሁሉ አይጨመርበት። ጭቃው ከመኪናው ሥር ሲታጠብም፤ ብርቱው የውሃ ግፊት በቀጥታ ወደ ሽቦ ማያያዣዎቹ አይነጣጠር።

7ኛ፤ ኃላፊው ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት ስለሚጠይቀው

የአገር አስተዳዳሪም ሆነ ባለ እርሻ መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የሚፈርምበትን ወረቀት ግን መመርመር ይገባዋል። ትራንስፈር ወይም መቆጣጠሪያ ሣጥን ይገዛ የሚል ጥያቄ በቀረበ ጊዜ፤ ከጥያቄው ጋራ የሚከተለው መልስ በጽሑፍ እንዲቀርብ ይዘዝ። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶና እየሠራ ስንት ቮልት አሳየ? ቫልቮላው በቴስተር ተለክቷልን? የለዋጭ ሞተሩ ማያያዣ ተነቅሎ ታይቷልን? ምንስ ተገኘ? አዝራሩ ሲጫን ሞተሩ ይዞራልን? ረጅሙ የፊት ዘንግ በእጅ ሲሞከር ዞረ ወይስ ያዘ? የተነሣውስ ጎማ? ቱቦዎቹ ተዳስሰዋልን? አራቱ ጎማዎች እኩል ናቸውን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ጥያቄ ያልተመረመረ ጥያቄ ስለ ሆነ ወደ መጣበት ይመለስ።

ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ቴስተር፤ አንድ ክሪክ ከነጽኑ መደገፊያው፤ ጥቂት ቫልቮላና ጥቂት ሜትር የጎማ ቱቦ ብቻ ነው፤ ይህም ከወረዳ መሥሪያ ቤት አቅም በላይ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ ምርመራው ዝናቡ ከመያዙ በፊት፤ በግንቦት ወር ውስጥ፤ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ተፈጽሞ ውጤቱ በመዝገብ ይግባ። በግንቦት የተገኘ የተሰነጠቀ ቱቦ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ በሐምሌ ያ ቱቦ በመንገድ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፤ ዘሩ በመኪናው ላይ እንዳለ የመዝሪያው ቀን ያልፋል።